ክርስትና ያላነሳኋት ልጅ

ምላሴ ፈጣን ነው። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ላይ «እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ እንዴት ወጣ?» ብላችሁ እንዳትደነግጡ ነው። ሰናይት እባላለሁ። ጁባ ከመጣሁ አራት ዓመት አለፈኝ። ኮሎሎ መንገድ ላይ ባለ አንድ የሐበሻ ሆቴል የመኝታ ክፍሎች ኃላፊ ነኝ። አርባ ሁለት ክፍል፣ ዘጠኝ ሠራተኛና በየሳምንቱ የሚበላሽ አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለኝ። አንሶላ ላይ አንዲት የተጨማደደች መስመር ካየሁ አስነሥቼ እንደገና አስነጥፋለሁ። ሠራተኞቼ ከኋላዬ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አይጻፍም።

ባለቤቴ ቴዎድሮስ የመንገድ ቀያሽ ነው። ሦስት ሳምንት ከከተማ ውጭ ካምፕ ያድራል፣ አንድ ሳምንት ቤቱ ይመጣል። ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት ሁለታችን ቁጭ ብለን መከርንና ሠርተን እስክንደላደል ሦስት ዓመት ልጅ ይቆየን አልን። እኔም አዲስ አበባ እያለሁ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ አስቀበርኩ። የክብሪት እንጨት የምታህል ነገር ናት፤ በጣት ሲዳብሷት ከቆዳ ሥር ትንሸራተታለች። ከባሌና ከእኔ በቀር የሚያውቃት ሰው አልነበረም።

ዝናሽን ያገኘኋት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን ነው። የሆቴሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ። የመጀመሪያ ልጇ አገር ቤት እናቷ ዘንድ ያድጋል። ባሏ ጌታሁን ደግሞ የሆቴሉ ሾፌር ነው፤ እንግዳ ከአየር ማረፊያ የሚያመጣውም የሚሸኘውም እሱ ነው። ዝናሽ ጸሎተኛ ናት፤ ግን እንደ አንዳንዱ ጸሎተኛ ሰው ላይ አትመጻደቅም። አንድ ጊዜ ባሌ ካምፕ እያለ ወባ ጥሎኝ ስምንት ቀን ተኛሁ። ከሥራ ስትወጣ ሾርባ ቋጥራ ሃይ ማላካል ሰፈር እኔ ቤት ድረስ በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ማለቴ ነው፣ እየመጣች ያስታመመችኝ እሷ ናት። እኔ እህት የለኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው ሲጠይቀኝ አለችኝ ማለት ጀመርኩ።

ውሸቱ የተጀመረው በተዋወቅን በወሩ ነው። ሽንኩርት እየከተፈች «ልጅስ?» አለችኝ። ሐበሻ ሐበሻን ይህን ሳይጠይቅ አያድርም። እውነቱን ብነግራት ፈጣሪ የሚሰጠውን እንዴት ትከለክያለሽ ብላ ትመክረኛለች ብዬ ሰጋሁ፤ ምክር ደግሞ አልወድም። ዓይኔን መሬት ላይ ጣል አድርጌ «እግዚአብሔር አልፈቀደም» አልኳት። ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል ብዬ ነበር።

አልቆመም። ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ አቀፈችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኔ ልጅ ማጣት የእሷ ጭንቀት ሆነ። ለእመቤታችን ተሳለችልኝ። ግዴታ ያልሆነባትን የጽጌን ጾም ለእኔ ብላ ያዘች። ቤተ ክርስቲያን አብረን ስንሄድ እኔ ጥላ ሥር ቆሜ ስልኬን እነካካለሁ፤ እሷ ስሜን እየጠራች ትሰግዳለች። አገር ቤት በሄደች ቁጥር ጸበል በጠርሙስ ይዛ ትመለሳለች። ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት በባዶ ሆዴ አንድ ኩባያ ቀድታ ታስይዘኝና እስክጨርስ ድረስ ፊት ፊቴን ታያለች። ጠጣሁት። ክንዴ ውስጥ ያቺን ነገር ይዤ ጸበል እጠጣ ነበር፤ ጸበሉ ምን ያድርግ? አልፎ አልፎ ልንገራት እልና እተወዋለሁ። ውሸት ውሎ ሲያድር ክብደቱ ይጨምራል፤ መጀመሪያ በሁለት ጣት ያነሣችሁት በሁለት እጅ አይነሣም።

ባለፈው ዓመት ዝናሽ ራሷ ሴት ልጅ ወለደች። በዐሥረኛው ቀን ልጠይቃት ስሄድ ሕፃኗን አሳቀፈችኝና «ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ሌላ ሰው አላሰብኩም። የእኔን ታቅፈሽ ስትወጪ እመቤቴ ያንቺንም ታስብሻለች።»

ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ከካህኑ እጅ ተቀብላ የምታቅፋት፣ ስለ እሷ ሆና ሃይማኖቷን የምትመሰክረው ክርስትና እናቷ ናት። ከዚያ በኋላ ከወላጆቿ ጋር አበልጅ መሆን ነው፤ ከሥጋ ዝምድና ይበልጣል። ጥምቀት ደግሞ አንዲት ናት፣ አትደገምም። የዚያን ዕለት ያላቀፈ ሰው ሌላ ቀን አይቀጠርለትም።

ያቺን የወተት ሽታ የምትሸት ልጅ ታቅፌ ሳለሁ እኔም ልጅ ፈለግሁ። እንዲህ በድንገት ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ማታውኑ ለባሌ ደወልኩለት። ሳቀና «እኔ እኮ አንቺን ነው ስጠብቅ የኖርኩት» አለኝ። በዚያው ሳምንት ሃይ ማላካል ወዳለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ኛሉዋል ትባላለች፤ የዚሁ አገር ሰው ናት፣ ግን ያደገችው ጋምቤላ፣ የተማረችው አዲስ አበባ ነው። አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ክንዴን አደንዝዛ፣ ትንሽ ከፍታ አወጣችልኝና ፋሻ አሰረችልኝ። እያሰረች አንድ ነገር ነግራኛለች። አንዳንድ ሴት መከላከያውን ስታቆም ሰውነቷ እስኪለምድ እንቅልፏም ስሜቷም ሊዛባ እንደሚችል፣ ሁሉም ላይ እንደማይመጣ፣ ከጠናብኝ ግን ዝም ብዬ እንዳልቀመጥ፣ ተመልሼ እንድመጣ። «እሺ፣ እሺ» አልኳት። ጆሮዬ እዚያ አልነበረም፤ ልቤ የሕፃን ልብስ እየገዛ ነበር።

ለዝናሽ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? «አወጣሁት» ለማለት መጀመሪያ «ነበረኝ» ማለት ያስፈልጋል።

በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፌ ሄደ። የጁባ ሙቀት ነው አልኩ። ማራገቢያውን ወደ አልጋው አስጠጋሁ፣ ማታ ሻይ መጠጣት ተውኩ፣ አልጋዬን ከመስኮቱ አራቅሁ። አልሆነም። አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ሸለብ ያደርገኝና ልቤ እየመታ እባንናለሁ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ማፍጠጥ ነው። ቀን ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ሆንኩ። አንዲት ሠራተኛዬ ፎጣ አጣጥፋ በተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጥ እስክታለቅስ ድረስ ሰደብኳት፤ ከዚያ እኔም ክፍል ሁለት መቶ አራት ገብቼ በር ዘግቼ አለቀስኩ። የማለቅስበት ምክንያት አልነበረኝም። ባሌ ስልክ ላይ «ምን ሆንሽብኝ?» ሲለኝ «አንተ ምን ቸገረህ» ብዬ ዘጋሁበት። ሆድ ይብሰኛል፣ ደሜ ይፈላል፣ ወዲያው እጸጸታለሁ፤ ይህ ሁሉ ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ነው።

የኛሉዋል ምክር ትዝ አላለኝም። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ጠባዬ መስሎኝ ነበር። እንደ እኔ ያለች ኃይለኛ ሴት ትንሽ ብትብስ ማን ይለየዋል? ዝናሽን ግን «እንቅልፍ አጣሁ» እያልኩ በየቀኑ አማርርባት ነበር። እሷም ልጅ ማጣቱ ነው የሚያስጨንቃት ብላ ታዝንልኛለች።

የምንኖርበት ግቢ ላዶ የሚባል አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አለው። አንድ የዕረፍት ቀኔ ላይ በስንት መከራ ዓይኔ ከደን ሲል ውኃ የሚያመጣው ሰው በሩን ደበደበና ቀሰቀሰኝ። ወጥቼ ላዶ ላይ ጮህኩበት። ከእንግዲህ እኔ ተኝቼ ሰው ቤቴን ቢያንኳኳ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከሥራህ ትባረራለህ አልኩት። ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሰው የሰጠውን ትእዛዝ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ክርስትናው እሑድ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጁባ ታውን ከገበያው ጀርባ ዝናሽ ቤት ለድግሱ ላግዝ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሁለት ሴቶች ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ዝናሽ ሕፃኗን ታጠባለች። እንደገባሁ ዓይኔን አየችና አዘነች።

«ሰኒዬ፣ ዓይንሽ ሰርጉዶ ሰርጉዶ አለቀ እኮ። አይዞሽ፤ ነገ ልጄን ስታቅፊ ይቀልልሻል። ለከርሞ ደግሞ ያንቺን…»

አላስጨረስኳትም። «ካላስ ዝናሽ» አልኩ፤ በቃ ማለቴ ነው። «ልጅ ልጅ አትበይብኝ። ስለወለድሽ ሁልጊዜ ልትለምኝልኝ ነው? ልጅሽን አይቼ አልቀናሁም።»

ቅናት የሚል ቃል ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔ ነኝ ካልጠፋ ነገር አምጥቼ መሀል ቤት የጣልኩት። ሁለቱ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ዝናሽ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የሕፃኗን ፊት ሸፈነች። ሆን ብላ አይመስለኝም፤ የማንኛዋም እናት እጅ ሳይታዘዝ የሚያደርገው ነገር ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለው ነው።

ከዚያ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሷም ራሴን ደባበሰችኝ። ስወጣ እስከ በር ሸኘችኝና ጌታሁን ንጋት ላይ ለዐሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ መኪና ይዞ በሬ ላይ እንደሚቆም ነገረችኝ። ካህኑ ሰዓት አክባሪ ናቸው፤ ውኃው ከተባረከ በኋላ ሰው አይጠብቁም። «አደራሽን» አለችኝ። «አንቺ ከሌለሽ ማንም የለኝም።»

የዚያን ሌሊት አልጋ ውስጥ አልገባሁም። እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ፈርቼ አልነበረም፤ እንቅልፍ ከየት ይመጣል? ተጋድሜ ከምብከነከን ሥራ ልሥራ ብዬ ነው። ሳምንት ሙሉ የጎነጎንኩትን ማዕተብ ጫፉን ቋጠርኩ። የሕፃኗን ነጭ ቀሚስ ተኩሼ አጠፍኩ። ገላዬን ታጠብኩ፣ የሐበሻ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ። ሁሉን ጨርሼ ሰዓት ሳይ ገና ዐሥር ሰዓት ነው። የጎረቤት ጄኔሬተር ያጉረመርማል፤ ማራገቢያው ይዞራል። ቀሚሷን ታፋዬ ላይ አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ አንድ ነገር ሆነ። ለስድስት ሳምንት ያህል ደረቴ ውስጥ ሲያንኳኳ የከረመው ነገር ዝም አለ። ሕፃኗን ከካህኑ እጅ እንዴት እንደምቀበል፣ ራሷን በየትኛው ክንዴ እንደምደግፍ እያሰብኩ ነበር። ደስ አለኝ። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለአንድ ደቂቃ አስደገፍኩ።

ስነቃ ፀሐይ ወለሉ ላይ ነበረች።

መጀመሪያ አልገባኝም። በጎኔ ተጋድሜያለሁ፣ ነጠላዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል፣ አፌ ደርቋል፤ እንዲህ ያለ ጥሩ እንቅልፍ ከተኛሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ ብዬ ፈገግ ማለቴ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቀሚሷን መሬት ላይ ወድቃ አየኋት። ስልኬን አነሣሁ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል። ያልተነሣ ጥሪ ሃያ ሦስት። እንዳያስበረግገኝ ብዬ ድምፁን ከዘጋሁት ሳምንታት አልፈው ነበር።

በባዶ እግሬ ወጣሁ። ላዶ በሩ ሥር ጥላ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሥቶ ሪፖርት ሊያቀርብልኝ እንደ ወታደር ቆመ። ባለመኪናው ሰውዬ በጠዋት መጥቶ ጡሩምባ ነፋ፣ በሩን መታ አለኝ። እኔ «ማዳም ጊ ኑም» አልኩት፣ ተኝታለች ማለቱ ነው፤ እንዳትቀሰቀስ አዛለች አልኩት አለኝ። ሄደና እንደገና ተመለሰ፤ ልግባ ብሎ ሲገፋኝ በርሽ ላይ ቆሜ ከለከልኩት አለኝ። እንደማመሰግነው ነበር የሚጠብቀው። ፊቴን ሲያይ ግን «ማሌሽ» አለ፣ ይቅርታ። ምን ልበለው? በዚያን ሰዓት ቁጣ ብፈልግ እንኳ ውስጤ አልነበረም። ስድስት ሳምንት ያጣሁትን ረጋ ያለ ልብ ያን ጠዋት አገኘሁት፤ ምን ይሠራልኛል?

ቀሚሷንና ማዕተቡን ይዤ በቦዳቦዳ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ቅዳሴው አልቋል፤ አንዲት ሴት ግቢውን ትጠርጋለች። ክርስትና ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ የማውቀውን መጠየቄ ነው። «አዎ፣ ደስ የምትል ልጅ» አለችኝ።

ዝናሽ ቤት ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ስገባ ወሬው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ከዝናሽ አጠገብ በክብር ቦታ ሕፃኗን ታቅፋ የተቀመጠችው ሴት ስሟን እንኳ የማላውቃት ናት። ኋላ እንደሰማሁት ለአንድ ቢሮ የአጭር ጊዜ ኮንትራት ይዛ ጁባ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው፤ ለቅዳሴ ብላ ነበር የሄደችው። ካህኑ «ክርስትና እናቷ የታለች?» ብለው ጠየቁ፤ ትንሽ ጠበቁ፤ ደግመው ጠየቁ። ያኔ ዝናሽ ወደ ሴቶቹ ዞራ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ይህች ሴት ናት አዝናላት ወደ ፊት የወጣችው። ሕፃኗ አንገት ላይ ከቤተ ክርስቲያን በር የተገዛ ጥቁር ክር ታስሯል።

ዝናሽ ተነሥታ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። በሩን ዘጋችው።

«ጌታሁን ‘ተኝታለች፣ አትቀስቅሱኝ ብላለች’ ብሎ ሲመጣ አላመንኩትም» አለችኝ። «መልሼ ላክሁት።»

«እንቅልፍ ወሰደኝ ዝናዬ። በማርያም እልሻለሁ፣ እንቅልፍ ነው።»

«እንቅልፍ አጣሁ፣ እንቅልፍ አጣሁ ስትይ የከረምሽው አንቺ ነሽ።»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ለምን እንዳጣሁት፣ ለምን ድንገት እንደመጣ፣ ለምን ዘበኛው በሬ ላይ እንደቆመ ለማስረዳት ከክንዴ መጀመር ነበረብኝ። ከክንዴ ከጀመርኩ ደግሞ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ አለ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሷ በራሷ መንገድ ፈታችው።

«ቀንተሻል» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ምን እንደምሆን አላውቅም። አልፈርድብሽም። ልብሽ እስኪረጋ እጠብቅሻለሁ።»

ላልሠራሁት ኃጢአት ይቅር አለችኝ። ቀሚሷንና ማዕተቡን እዚያው ጓዳ አልጋ ላይ ትቼ ወጣሁ። ሰዉ መሀል ሳልፍ ቅዳሜ ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ቀና ብላ አላየችኝም።

በማግሥቱ ሰኞ ኛሉዋል ዘንድ ሄድኩ። ያኔ ነው የነገረችኝ ነገር ድንገት ትዝ ያለኝ። ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳት፤ እንቅልፉን፣ ልብ ምቱን፣ ልቅሶውን፣ ቁጣውን። ደሜን መረመረች፣ ግፊቴን ለካች፣ ብዙ ጠየቀችኝ። መቶ በመቶ ከዚያ ነው ብላ እንደማትምልልኝ፣ ሌላም ምክንያት ሊኖር እንደሚችል፣ ግን የምነግራት ነገር እሷ ዘንድ መጥተው ካየቻቸው ሴቶች ታሪክ ጋር እንደሚመሳሰል ነገረችኝ። በጊዜ ይሻሻላል፤ ካልተሻሻለ ወይም ከከፋ ሐኪም ያይሻል አለች። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠችና ለምን ቶሎ እንዳልመጣሁ ጠየቀችኝ።

«ጠባዬ መስሎኝ» አልኳት።

አልሳቀችም። «ለአንድ ሰው እንኳ አልነገርሽም?» አለችኝ።

ከክሊኒኩ ስወጣ፣ እግዚአብሔር ይየኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ማስረጃ አገኘሁ። ቀናተኛ አይደለሁም፤ ዓይኔ ክፉ አይደለም፤ ሰውነቴ ነው እንዲህ ያደረገኝ። ይህን ስነግራት ዝናሽ ታቅፈኛለች፣ አብረን እናለቅሳለን፣ ነገሩ ያልቃል ብዬ አሰብኩ። ቦዳቦዳው ላይ ሆኜ የምናገረውን በቃሌ አጠናሁ። የምነግራት ስለ እሑድ ጠዋት ብቻ መስሎኝ ነበር።

ብቻዋን አገኘኋት፤ ሕፃኗን እያጠባች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ከአዲስ አበባው ቀን ጀምሬ እስከ ትናንትና ድረስ አንድም ሳላስቀር። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ ክንዴን አሳዪኝ አለችኝ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጠባሳዋን በጣቷ ዳበሰችው።

«መቼ ነው ያስገባሽው?»

«ከመምጣቴ በፊት።»

«እኔን ሳታውቂኝ በፊት።»

«አዎ።»

ጣቷን አነሣች። ሕፃኗ ጡቷን ለቃ እንቅልፍ ወስዷታል።

«ቅናት ቢሆን ይቅር ብዬሽ ነበር» አለች። «ቅናት የሰው ነው። አንቺ ግን ስሰግድ ቆመሽ ታዪኝ ነበር እኮ ሰናይት። ጸበሉን እስክትጨርሺ ፊትሽን ሳይ ምን ታስቢ ነበር?»

አልመለስኩላትም። እናንተ ከጠየቃችሁኝ ግን ልንገራችሁ። ቶሎ ጨርሼ ወደ ፎቅ ወጥቼ ክፍሎቹን ማየት ነበር የማስበው። ሌላ ምንም አላስብም ነበር።

ዝናሽ ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ተነሣች። «እንግዲህ ልጅቷ ትተኛ» አለችኝ። ወጣሁ።

ካህኑን ሽማግሌ አድርጌ ልኬያለሁ። ባሌም ከካምፕ ሲመጣ ሄዶ ለምኗታል። ሁለቱንም በክብር ተቀብላ አብልታ አጠጥታ «ከሰናይት ጋር አልተጣላንም» ብላ ሸኘቻቸው። ላልተጣላ ሰው ዕርቅ ከየት ይመጣል? ዛሬም አንድ ሆቴል ነው የምንሠራው። ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ትለኛለች። ምሳዬን በአስተናጋጅ ትልክልኛለች፤ ሥጋው ጎድሎ አያውቅም። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን የለም። ክርስትና ያነሳችው ሴት ኮንትራቷ አልቆ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ልጅቷ አሁን መራመድ ጀምራለች፤ ክርስትና እናቷን በስልክ ፎቶ ነው የምታውቃት።

እንቅልፌ በሦስተኛው ወር ተመለሰ። ቁጣዬም ወደ ቀድሞው ልኩ ወረደ፤ ያው ልኩን ታውቁታላችሁ። ያስለቀስኳትን ልጅ ይቅርታ ጠየቅኋት። ላዶንም ጠየቅሁት፤ እሱ ግን ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር አልታየውም፣ ትእዛዝ ነው የፈጸመው።

እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ስለ መከላከያው ልመክራችሁ አይደለም። መያዝም ማውጣትም የየራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ ሰውነትም እንደየሰው ነው። ባለሙያ ስትነግራችሁ ግን እንደ እኔ «እሺ፣ እሺ» አትበሉ። ድንገት የማታውቋት ሴት ከሆናችሁ ጠባዬ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሂዱና ጠይቁ። ባሎችም ይህን ብታነቡ፣ ስልክ ሲዘጋባችሁ አኩርፋችሁ አትቅሩ። ደግሞ ለአንድ ሰው ንገሩ። እኔ ለዝናሽ ቀድሜ ብነግራት ኖሮ ትመክረኝ ነበር፣ ልትቆጣኝም ትችል ነበር። ግን የዚያን ሌሊት ብቻዬን አታሳድረኝም ነበር፤ ሰው አጠገቤ አስተኝታ በጊዜው ታስቀሰቅሰኝ ነበር። እንቅልፌን የወሰደው ሰውነቴ ነው፤ ዝናሽን የወሰደብኝ ግን ሰውነቴ አይደለም። ጥፋቱን ክንዴ ላይ ልጭነው ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልተሸከመልኝም።

አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሴት ናት ብለውኛል። የሆቴሉ ሰው ሁሉ ክርስትና የምታነሳልሽ ማናት እያለ ይጠይቀኛል፤ ገና አላሰብኩበትም እላለሁ። ይህም ውሸት ነው፤ ከእሷ ሌላ አስቤ አላውቅም። ዝናሽን ብጠይቃት እምቢ አትለኝም፤ ሕፃን ላይ ቂም የምትይዝ ሰው አይደለችም። ጾማ፣ ነጭ ለብሳ፣ ከሁላችን ቀድማ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። እስካሁን አልጠየቅኋትም።